ሳትጨምር ሳትቀንስ

«ልጅቷን ልዩ ተሰጥኦ አላት ብለን ወደ ላይኛው ክፍል እናወጣታለን። ተሰጥኦ ካላት ደግሞ አስተርጓሚ ምን ያደርግላታል? ውሉም የሚለው እንደዚያው ነው። እናትየዋ ዛሬ ትፈርማለች፤ አለቀ ደቀቀ።»

አስተርጓሚዋ ይህን የሰማችው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በግድግዳው በኩል ነው። ግድግዳ ከተባለ! የእህቷ ባል የእሷን ጓዳ ከራሱ መኝታ ቤት የለየው በኮምፔንሳቶ ነው፤ እሱ ወዲያ ሲያስነጥስ እሷ ወዲህ ሆና «ይማርህ» ማለት ይቀናታል። ሰውየው የምትሠራበት ትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ነው። ቤት ውስጥም «ምክትል» ነው የሚሉት፤ የማን ምክትል እንደሆነ ግን እስካሁን ጠይቆ የተረዳ የለም። አሁን ሸሚዙን እየቆለፈ ከዳይሬክተሩ ጋር በስልክ ይስቃል። የሚስቀው ዳይሬክተሩ ከሳቀ በኋላ ነው። በዘመኑ አንድ ቀን ቀድሞ ስቆ አያውቅም።

ልጅቷ ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለጋትም። በትምህርት ቤቱ ውስጥ መስማት የተሳናት ልጅ አንዲት ብቻ ናት፤ አራተኛ ክፍል ያለችው፣ እንደ እሷው መስማት የተሳናት የልብስ ሰፊዋ ልጅ። አስተርጓሚዋ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰሌዳው አጠገብ ቆማ፣ አስተማሪ የተናገረውን ሁሉ በምልክት ቋንቋ ያቀበለቻት እሷን ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ዳይሬክተሩ የልጅቷን ስም እንኳ አያውቅም ነበር፤ «ያቺ የማትሰማዋ» ነበር የሚላት። ዘንድሮ የከተማው ትምህርት ቤቶች ሁሉ በተወዳደሩበት የሒሳብ ፈተና ልጅቷ አንደኛ ወጣች። ኧረ ጉድ ነው! በማግስቱ ዳይሬክተሩ ሰልፍ ላይ አቅፏት ፎቶ ተነሣ፤ በአንድ ሌሊት «ልጃችን» ሆነች። ፎቶውን በዋናው በር ላይ በትልቁ ሊሰቅለው ነው። ለመስቀል ግን በልዩ ተሰጥኦ መዝገብ ላይ መስፈር አለባት፤ ወላጆች በየዓመቱ የሚፈርሙት የልዩ ትምህርት አገልግሎት ውል ደግሞ አንቀጽ ዐሥራ አራት ላይ እንዲህ ይላል፦ አንድ ተማሪ ከልዩ ድጋፍና ከልዩ ተሰጥኦ በአንዱ ብቻ ይታቀፋል። አስተርጓሚ የሚመደበው ለልዩ ድጋፍ ነው። እንግዲህ ጎበዝ ከተባለች አትሰማም ማለት አይቻልም፤ አትሰማም ከተባለች ጎበዝ ናት ማለት አይቻልም። ይህን ላሰበ ጭንቅላት በየወሩ ደሞዝ ይከፈለዋል።

ሦስቱም ለቁርስ ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ላስቲክ አንድ ቦታ ተሰንጥቋል፤ እህቷ ሁልጊዜ የዳቦውን ሳህን ስንጥቁ ላይ አስቀምጣ ትሸፍነዋለች። «እንቁላል ደግሞ ጨመረ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ባለፈው ዐሥር በገዛሁበት ዛሬ ስምንት ነው የሰጠችኝ።» ምክትሉ ለሚስቱ እህት በቀጥታ ተናግሮ አያውቅም። ቤቱ ካስጠጋት አራት ዓመት ሆኖታል፤ በአራት ዓመት ውስጥ ያላትን ሁሉ ያላት በሚስቱ አፍ ነው። እዚያው አፍንጫው ሥር ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች፣ «እህትሽን መብራት ታጥፋ በያት» ይላል፤ «እህትሽን ውሃ አታባክን በያት» ይላል። እህቷም ቃሉን ተቀብላ፣ ሹሉን በትንሹ ሰብራ፣ ታቀብላለች። ይህም ሥራ ነው፤ የሚከፍላት ግን የለም።

«እህትሽን ዛሬ እጇን ሰብስባ ትዋል በያት። ስምንት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ» አለ ምክትሉ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል።

«ስምንት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ ይልሻል። ጠንቀቅ በይ፣ እሺ የኔ እናት?» አለች እህቷ።

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ።» በእጇ እንጀራዋን የምትበላን ሴት እጅሽን ሰብስቢ ማለት! አስተርጓሚዋ ሳቋ መጣባትና በሻዩ ዋጠችው።

መንገድ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ። የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው፤ በሩ ተከፍቷል፣ ሴትዮዋ የልጆች የደንብ ልብስ ከፊቷ ከምራ ታጥፋለች። ሦስት እርምጃ ገባ ብሎ «ዛሬ እንዳትፈርሚ» ማለት ብቻ ነበር። አምና ግን እንዲሁ አድርጋ አይታዋለች። አምና በስብሰባው መሀል ለእናትየዋ «ሳታነቢ አትፈርሚ» ብላ በምልክት ነግራት፣ እናትየዋም ወረቀቱን ይዛ ቤቷ ሄዳ፣ ዳይሬክተሩ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲንገበገብ ሰነበተ። «አስተርጓሚ ማለት ቱቦ ነው» አለ። «ቱቦ ውሃ ያስተላልፋል እንጂ ይመክራል እንዴ?» ከዚያ ዘንድሮ አንቀጽ ዐሥራ ዘጠኝን ጨመረ። እሱ እያለ ምክትሉ ጻፈው፤ በወላጆች ውልም በእሷ የቅጥር ውልም ገባ፦ አስተርጓሚ በስብሰባ ላይ የሚነገረውን ሁሉ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ የራሷን ሐሳብ ሳታስገባ ታስተላልፋለች፤ ከስብሰባ ውጭ ወላጅ አታማክርም፤ ይህን ከጣሰች ውሏ ያንኑ ዕለት ይፈርሳል። በየወሩ የሚታደሰውን ውሏን ባለፈው ሳምንት ስታድስ ፈርማበታለች። ሱቁ ገብታ ብትናገር ሥራዋም ጓዳዋም በአንድ ቀን ይሄዳሉ። እሱስ ይሁን፤ ነገር ግን እሷ ከተባረረች ልጅቷ አጠገብ የሚቆም ማን አለ? ዳይሬክተሩስ የፈለገው ይህንኑ አይደል? በሩን አልፋ ሄደች። እናትየዋ ከመስኮቱ አይታት እጇን አውለበለበችላት፤ እሷም አውለበለበች፤ አፈረች።

ልጅቷን ከሰኞ ጀምሮ ለሙከራ ተብሎ ላይኛው ፎቅ አስገብተዋታል። የተሰጥኦ ክፍል የሚሉት ምንጣፍ ያለው፣ ወንበሮቹ አዲስ የሆኑ፣ መስኮቱ በየቀኑ የሚወለወል ክፍል ነው፤ ታች ያለው የድጋፍ ክፍል ግን የተሰበሩ ዴስኮች መጋዘን ነበረ፣ አሁንም ግማሹ መጋዘን ነው። አስተርጓሚዋ ከሰኞ ወዲህ እንዳትገባ ስለተከለከለች ከበሩ ውጭ ቆማለች። በሩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል መስታወት አለች። በመስታወቷ ስታይ የሒሳብ አስተማሪው ጀርባውን ለተማሪዎቹ ሰጥቶ ሰሌዳውን ያስተምራል። የጻፈውን ልጅቷ ከሁሉም ቀድማ ትሠራለች፤ ያልጻፈውን፣ በአፉ ብቻ የሚለውን፣ ከየት ታምጣ? ልጆቹ ሲስቁ ዘግይታ ትስቃለች። ልጆቹ ደብተር ሲገልጡ የጎረቤቷን ደብተር አይታ ትገልጣለች። አንድ ጊዜ አስተማሪው ጣቱን ቀስሮ አንድ ነገር ጠየቃት፤ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። ልጅቷ ወደ በሩ ዞረችና በመስታወቷ ውስጥ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀች።

አስተርጓሚዋ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ሰማች፤ ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ፣ ትከሻዋን ሰብሰብ አድርጋ እጇ በመስታወቷ ስፋት ውስጥ እንዲገባ፣ ጥያቄውን ነገረቻት። ልጅቷ ተነሥታ ሰሌዳው ላይ መልሱን ጻፈች። ትክክል ነበር። ቀጣዩንም እንዲሁ፣ ከዚያም የሚከተለውን። ሩብ ሰዓት ያህል በዚያች መዳፍ በምታህል መስታወት ትምህርት ተካሄደ። ከዚያ ምክትሉ ፕላስተርና የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ ደረጃውን ወጣ። አንድም ቃል አልተናገራት፤ ቃሉን የሚያቀብልለት ሚስቱ እዚያ የለችማ! ወረቀቱን ዘርግቶ መስታወቷ ላይ አራቱንም ጥግ ለጠፈው። ባለ ቀለም ማስታወቂያ ነው፤ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይስቃሉ፣ ከሥራቸው በትልቁ «በትምህርት ቤታችን ሁሉም ልጅ ይችላል» ይላል። አስተርጓሚዋ ደሟ ፈላ። ከማስታወቂያው ኋላ ልጅቷ እጇን እያነሣች እንደሆነ ታውቃለች፤ ማየት ግን አልቻለችም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን እናትየዋ መጣች። ሜትሯን ከአንገቷ ማውለቅ ረስታዋለች፤ ጣቶቿ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። የዳይሬክተሩ ቢሮ ሶፋ ከተገዛ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ላስቲኩ ግን አልተገፈፈም፤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሲንቀሳቀስ ይንጫጫል። ግድግዳው ላይ ዐሥራ አንድ የምስክር ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል፤ ቀረብ ብሎ ላነበበው ዘጠኙ «በስብሰባው ስለተገኙ እናመሰግናለን» የሚሉ ናቸው። ሰውየው «ዶክተር» በሉኝ ይላል። በምን እንደሆነ አልተናገረም፤ ሰዉም ለሰላሙ ሲል ይለዋል።

አስተርጓሚዋ ከዳይሬክተሩ ጎን፣ ከእናትየዋ ፊት ለፊት ተቀመጠች። የሙያው ደንብ ይህ ነው፦ ሰው ሲናገር ያለውን እንዳለ ትሰጣለች፤ እናትየዋ በእጇ ስትናገር ደግሞ አስተርጓሚዋ በድምፅ «እኔ» ትላለች፣ እኔ ያለችው ግን እናትየዋ ናት። ዳይሬክተሩ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ አልገባውም።

«ይኸውልሽ፣ ልጅሽን ትልቅ ቦታ ልናደርሳት ነው በያት» አለ፣ ዓይኑ አስተርጓሚዋ ላይ። እጆቿ «ይኸውልሽ» ከሚለው እስከ «በያት» ድረስ አደረሱ።

እናትየዋ መለሰች፤ አስተርጓሚዋ ድምፅ ሆነችላት። «እኔ እኮ እዚሁ ነኝ። እኔን ያናግሩኝ።»

«አንቺን አላልኩም!» ብሎ አስተርጓሚዋን ገላመጣት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና ስለ አካታችነት ሩብ ሰዓት ያህል ተናገረ። ከአፉ ማር ጠብ ይላል። እናትየዋ በጨዋነት ተከታተለችው፤ በመሀሉ ውሉን ስባ፣ ስፌት እንደምትፈትሽ ጣቷን በየመስመሩ ሥር እያስኬደች ታነባለች። አንቀጽ ዐሥራ አራት ላይ ጣቷ ቆመ። «ወደዚያኛው መዝገብ ከዞረች አስተርጓሚዋ ከእሷ ጋር ትሄዳለች?» ብላ ጠየቀች።

«እንዴታ! እንዴታ! ሁሉም ነገር ይመቻቻል በያት» አለ ዳይሬክተሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ። እናትየዋ ፊቷ በራ። ብዕሩን አነሣች። ወረቀቱን ለማስተካከል ጎንበስ ብላ ቀና ስትል፣ ዳይሬክተሩ ወደ ምክትሉ ዘንበል አለ፤ በእጁ አፉን ከለለ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

እስቲ በፈጠራችሁ! መስማት በማትችል ሴት ፊት ሹክ ይባላል? ቢጮህም አትሰማውም፣ ቢዘፍንም አትሰማውም። በዚያ ክፍል ውስጥ ጆሮ ያላት እንግዳ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ክንዱን ታክካ ተቀምጣለች። ዐሥራ አንድ የምስክር ወረቀት ይህን አላስተማረውም።

«ፎቶዋን እስክንሰቅል ነው» አለ በሹክሹክታ። «ከዚያ በኋላ ካልሰማች ምን ትማራለች? በራሷ ጊዜ ትተወዋለች።»

«እናትየዋ ትፈርም እንጂ፣ ሌላው ቀላል ነው» አለ ምክትሉ በዚያው ድምፅ። ዳይሬክተሩ ፈገግ አለ፤ ምክትሉም ተከትሎ ፈገግ አለ።

የአስተርጓሚዋ እጆች አየር ላይ ቆሙ። አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ። ጓዳዋ ታያት፣ ኮምፔንሳቶው፣ እህቷ በዳቦ ሳህን የምትሸፍነው ስንጥቅ። ከዚያ ያቺ መስታወት ታየቻት፣ አራቱም ጥጓ በፕላስተር የተለጠፈ። የሚነገረውን ሁሉ ይላል ውሉ፤ ጮክ ብሎ የሚነገረውን አይልም። ጣቷን ወደ ዳይሬክተሩ ቀሰረች፣ ተናጋሪው እሱ ነው ለማለት፤ ከዚያ እጇን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ ሹክሹክታውን እንደ ሹክሹክታ፣ በትንሹ፣ ቃል በቃል ሰጠች። ጣቷን ወደ እህቷ ባል አዞረችና የእሱንም ሰጠች። ፈገግታውን እንኳ አላስቀረችም።

እናትየዋ ብዕሩን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን እልም አለ። ለረጅም ጊዜ ዳይሬክተሩን አየችው።

«ምን ሆነች? ትፈርም እንጂ!» አለ ዳይሬክተሩ።

እናትየዋ እጆቿን አነሣች፤ አስተርጓሚዋም አፏን ከፈተች። በምልክት ቋንቋ አንተም አንቱም አንድ ነው፤ ሰውየው ሦስት ዓመት አንቱታ ሲበላ የኖረው ከአስተርጓሚዋ ኪስ ነበር። አትጨምሪ ተብላ የለ? አልጨመረችለትም።

«ለምን ሹክ ትላለህ?» አለች በእናትየዋ ፈንታ። «እኔ እኮ ስትጮህም አልሰማህም።»

ዳይሬክተሩ ፊቱ ደም መሰለ። «ማን ንገሪያት አለሽ?» አለ። እጆቿ ይህንንም ነገሩ። «ዝም በይ!» አለ፤ ይህንንም። ምክትሉ ከሶፋው ተስፈንጥሮ ሲነሣ ላስቲኩ ተንጫጫ። «አቁሚ እንጂ! እጅሽን አውርጂ!» አላት፤ በአራት ዓመት ውስጥ በቀጥታ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር። እሱንም ሳትጨምር ሳትቀንስ አደረሰች። እናትየዋ የውሉን ገጾች ገለጠች፣ የምትፈልገውን አገኘች፣ አዙራ ወደ ዳይሬክተሩ ገፋችው። ጠመኔ የነካው ጣቷ አንቀጽ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ነበር። ሰውየው የራሱን ዓረፍተ ነገር እንደ እንግዳ ነገር ሁለት ጊዜ አነበበው።

ከዚያ እናትየዋ ውሉን መልሳ ስባ፣ ከኪሷ ጨርቅ የምታሰምርበትን አጭር ማስመሪያ አውጥታ፣ አንቀጽ ዐሥራ አራትን በቀጥታ መስመር ሰረዘችው። ከላዩ «ልጄ በሁለቱም ትታቀፋለች፤ አስተርጓሚዋ አጠገቧ ትሆናለች» ብላ ጻፈች። ፈረመች።

«ፎቶዋን ስቀል፤ አልከለክልህም፤ የሠራችው ልጄ ናት» አለች በአስተርጓሚዋ አፍ። «አሁን ፈርምበት። ካልፈረምክ ቅድም የተባባላችሁትን ቃል በቃል ጽፌ ሱቄ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። በዚህ ወር የደንብ ልብስ ለማስለካት የማይመጣ ወላጅ የለም። ቆሞ ሲጠብቅ ሁሉም ያነበዋል።»

ዳይሬክተሩ ወደ ምክትሉ አየ፤ ምክትሉ ወደ ምንጣፉ። ፈረመ። የሰውየው ፊርማ ብዙ ቀለበት ያለበት ነው፤ ዛሬ ቀለበቱ ሁሉ ቀርቶ አንድ ጭረት ሆነ። ብዕሩን ወርውሮ፣ «ዘመድህን አንተው ታውቃታለህ። የእሷ ውል በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ሌላ ይፈለጋል» አለ። እጆቿ ይህንንም ተረጎሙ፤ የተነገረው ስለ እሷ መሆኑ ሥራውን አይቀይረውም። እናትየዋ በድንጋጤ አየቻት። በዚህ ስብሰባ ለመጀመሪያ ጊዜ የአስተርጓሚዋ እጅ የራሷን ቃል ለመናገር ተነሣ፤ ግን ስብሰባው አላለቀም ነበርና መልሳ አወረደችው። ደረጃው ላይ ሲደርሱ እናትየዋ ያንን እጅ ይዛ ሳመችው። ከሁለተኛው ፎቅ ልጅቷ እየሮጠች ወረደች፤ ከክፍሉ በር ላይ የገነጠለችው ማስታወቂያ በእጇ ላይ ተጨማዷል።

እራት የቀረበው ገና ጀምበር ሳትጠልቅ ነው። የዳቦው ሳህን ስንጥቁ ላይ ነው። ዛሬ ስለ እንቁላል ዋጋም የተናገረ የለም። እህቷ የሆነውን ከማን እንደሰማች አይታወቅም፤ ግን ሰምታለች፤ ከማድቤት ስትመላለስ እህቷን ታያታለች፣ ባሏን አታየውም። ምክትሉ በልቶ ጨረሰ፤ አፉን ጠረገ፤ ስልኩን አነሣ። ቢሮ ውስጥ ያገኛት አንደበቱ እዚያው ቀርታለች።

«እህትሽን እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ትፈልግ በያት» አለ።

አስተርጓሚዋ ዳቦዋን አስቀመጠች። እህቷ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። አራት ዓመት ስታቀብል የኖረች ሴት ናት፤ አሁንም ቃሉን ተቀብላ፣ ሹሉን ሰብራ፣ «እስቲ ትንሽ ቆይተሽ ታስቢበታለሽ ይልሻል» ብላ እንደምታቀብለው ሁለቱም ጠበቁ።

«ራስህ ንገራት» አለችው። «ትሰማለች።»

ምክትሉ ከስልኩ ቀና አለ። የሚስቱን እህት አየ፤ እሷም ዓይኑን ሳትለቅ አየችው፤ እጆቿ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ይጠብቃሉ። አፉን ከፈተ። ቀድሞ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው፤ አፉን መልሶ ዘጋ። እህቷ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋችና ሻዩን ቀዳች፤ ዛሬ መጀመሪያ የቀዳችው ለእህቷ ነው።